በኮንዶሚኒየም ተከራይ ነኝ፤ ስለ ግቢያችን የመናገር መብት አለኝ ወይ?

ሦስተኛ ፎቅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

ጀሞ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት አለፈን። ብሎካችን 32 ቤት አለው። ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ማንሆል ክዳኑ ከተሰረቀ ቆየ። አንዱ ጣውላ ጣል አድርጎበታል፣ ሌላው ድንጋይ ጭኖበታል። ባለፈው ክረምት ገንፍሎ እስከ ደረጃው ድረስ መጣ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧን አፍንጫዋ ላይ ስባ ነው ግቢ የምትገባው። አሁን ልማድ ሆኖባታል፤ ፍሳሽ በሌለበት ቀንም ታደርገዋለች።

የደረጃው አምፖሎች ተቃጥለው አልተቀየሩም። ኮሙናሉ፣ የጋራ መገልገያ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ተቆልፎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሲሚንቶ ተከማችቶበታል። ልብስ የምናጥበው ኮሪደር ላይ ነው።

ማኅበር አለ ይባላል። አንድ ቀን ሰብሳቢውን አግኝቼ ስለ ማንሆሉ ጠየቅኩት። «ባለቤት ነሽ?» አለኝ። ተከራይ መሆኔን ስነግረው «እንግዲያው ለአከራይሽ ንገሪ» ብሎኝ ሄደ። አከራያችን ዱባይ ነው ያለው። ሽታው የሚገባው ግን እኔ ቤት ነው።

በብሎኩ ያለነውን ስቆጥር ከግማሽ በላዩ ተከራይ ነው። ሁላችንም ነገ እንለቃለን እያልን ዓመታት አለፉ። ከየት ልጀምር? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ገንዘብ ያዥዋ፦

የኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። የልጅሽ ነገር ልቤን ነካው።

እኔ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ 12 ዓመቴ ነው። የብሎካችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። በሙያዬ አስተማሪ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሕጉን እናንሳ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚያቋቁመው የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ባለቤት ነሽ ወይ ሲልሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግን ያ አዋጅ ተከራይ ከጎረቤቱ ጋር አይሰባሰብ አላለም። ዕድርና ዕቁብን ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ራሱ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ሰው ለለቅሶ ሲሰባሰብ የቤት ካርታ የሚጠይቅ የለም።

እኛ የጀመርነው በለቅሶ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ተከራይ ወጣት ነበር። እናቱ ክፍለ ሀገር አረፉ። መርዶውን የሰማው በስልክ፣ ሌሊት ነው። ጩኸቱን በግድግዳ ሰማነው። ስሙን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጠዋት በሩን ስናንኳኳ ብቻውን ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ንፍሮ የለ፣ ድንኳን የለ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለ። እኔ ያደግኩት ጉለሌ ነው። እዚያ ጡሩንባ ሳይነፋ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም። ያን ቀን በጣም አፈርኩ።

ከሠልስቱ በኋላ አምስት ሴቶች ሆነን ዕድር አቋቋምን። የመጀመሪያው ደንባችን አንድ መስመር ነበር፤ «በብሎኩ የሚኖር ሁሉ አባል መሆን ይችላል»። የሚኖር ነው ያልነው፣ ባለቤት የሆነ አላልንም። የዛሬ ሥራችን ሁሉ የበቀለው ከዚያች መስመር ነው ብዬ አምናለሁ።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። የቀረ ይቀጣል። የዕድሩ ጉዳይ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ሰው አይበተንም። ውሃው ለምን እላይ አይወጣም? ሮቶውን ማን አጠበው? ፍሳሹስ? ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር አንዷ ተነስታ «ማንሆሉን እሑድ እንክፈተው» አለች። ያች ሴት ተከራይ ነበረች።

ከፈትነው። አንድ ጎረቤታችን ዲጂኖ ይዞ መጣ። ከውስጥ የወጣውን ልንገርሽ፤ ዳይፐር፣ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ የሴቶች ሞዴስ፣ እንደ ሻማ የጠጠረ የምግብ ዘይት። ዘይቱ በዲጂኖ ካልተመታ አይሰበርም ነበር። ወዲያው አላነሳነውም። ግቢው መሐል ላስቲክ አንጥፈን እስከ ከሰዓት ተውነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቆሞ አየው። ማን እንደጣለው የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የራሱን እቃ አውቆታል። የዚያን ሳምንት በየፎቁ ዘይት የሚጠራቀምበት ጀሪካን ተቀመጠ። መጣጭ መኪና በየሁለት ወሩ እንጠራ የነበርን ሰዎች ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳንጠራ ቆየን።

ክዳኑን የብረት አታድርጉት፤ ይሰረቃል። እኛ ምድር ቤት የሚኖር ግንበኛ አለን። ፌሮ አስሮ በሲሚንቶ ሞላው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለብረት የሚሰርቀው ሰው ደግሞ ሲሚንቶውን ምን ያደርገዋል?

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ቦታ የሚፈርሰው እዚህ ነውና።

ከእኛ በፊት አንድ ኮሚቴ ለውሃ ፓምፕ ብሎ ከየቤቱ ሰብስቦ ነበር። ፓምፑም አልመጣ፣ ሒሳቡም አልታየ። እኛ ለክዳኑ ስናንኳኳ የማይከፍት ሰው በዛ። ባሌ «ሰዉ ስስታም ነው» አለኝ። አይደለም። ገንዘቡ ተበልቶበት ነው። ስለዚህ ያደረግነው ይህ ነው። ደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ በየወሩ መጨረሻ ደረጃው መግቢያ ላይ ይለጠፋል። የከፈለ፣ ያልከፈለ፣ የወጣው ወጪ፣ የመጥረጊያ 60 ብር እንኳ ሳይቀር። ደረሰኙ አብሮ በስፒል ይያዛል። ባንክ በሦስት ፈራሚ ነው፤ አንዱ ፈራሚ የግድ ተከራይ ነው። አንድ ጊዜ 40 ብር አጎደልኩ። የት እንዳጠፋሁት አላስታወስኩም። «40 ብር ጎድሏል፣ ተክቻለሁ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩት። በማግስቱ ለሰባት ወር ያልከፈሉ አንድ ሽማግሌ መጥተው የሰባቱን ወር በአንድ ጊዜ ቆጠሩልኝ።

አከራዮቹን አትርሻቸው። ጠላት አታድርጊያቸው። እኛ በቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን የሥራውን ፎቶ ስንልክላቸው ነበር፤ የድሮውንም የአሁኑንም። ውጭ አገር ያሉት ቀድመው ከፈሉ፤ ቤታቸው ነው፣ ሲበላሽ አይተው አያውቁም ነበር። ቀጥሎ የባለቤቶች ማኅበር ምርጫ ሲደርስ ስድስት አከራዮች ለተከራዮቻቸው ውክልና ሰጡ። ተከራይ በስብሰባው ድምፅ የሰጠው እንደዚያ ነው። ኮሙናሉም የተከፈተው ከዚያ ምርጫ በኋላ ነው። ሲሚንቶው የማን እንደነበር ዛሬም አልታወቀም፤ አንድ ሌሊት ተነስቶ ሄደ። አሁን እዚያ ልብስ ይታጠባል፤ ድግስ ሲኖር ይታረዳል። በበርበሬ ሰሞን ግቢው ሁሉ ያስነጥሳል።

ሁሉ ነገር ተሳክቷል አልልሽም። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ዛሬም ይቸገራል። በመኪና ማቆሚያው ሁለት ቤቶች ተኳርፈዋል፤ ማስታረቅ አልቻልንም። ጥበቃችንም ደሞዙ አንሶት ለቀቀ፤ ጥፋቱ የኛ ነበር።

ከሮክስበሪ፦

እትዬ ገንዘብ ያዥ፣ «በብሎኩ የሚኖር ሁሉ» ያሉትን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አጣ። እኔ ቦስተን ነው የምኖረው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። መስመሬ በደድሊ ስትሪት ያልፋል። እዚያ ሰፈር የሆነው ታሪክ ልክ ይኼው ነው።

ሰፈሩ ጥቁሮች፣ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችና ጥቂት ነጮች የሚኖሩበት ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቤት ይቃጠል ነበር። ለኢንሹራንስ ሲባል የተቃጠለው ብዙ ነው። እስከ 80ዎቹ ድረስ 1,300 የሚሆን ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ከከተማው ሁሉ ቆሻሻ የጫነ መኪና ማታ እየመጣ እዚያ ይደፋ ነበር።

በ1984 አንድ የእርዳታ ፋውንዴሽንና በአካባቢው የሚሠሩ ድርጅቶች ተሰባስበው ሰፈሩን ለማልማት ዕቅድ አወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሕዝብ ጠርተው አቀረቡ። ነዋሪው ተነስቶ «ከመድረክ ካላችሁት ስንቶቻችሁ እዚህ ትኖራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሥራውን በሚመራው ቦርድ ለነዋሪ የተያዘው ወንበር ጥቂት ነበር። ዕቅዱ ተመለሰና ብዙውን ወንበር ነዋሪው እንዲይዝ ሆኖ ተጻፈ። ለአራቱም ማኅበረሰቦች፣ ቁጥራቸው ቢለያይም፣ እኩል ወንበር ተሰጣቸው። ይህን ለአገራችን ሰው ሳወራ ሁሌም ይህቺን ነጥብ እደግማታለሁ። ብዙ የሆነው ጥቂቱን አልዋጠውም።

የመጀመሪያ ሥራቸውም ቆሻሻ ነበር፤ እንደ እትዬ ማንሆል ማለት ነው። በ1986 «እኛ ላይ አትድፉ» የሚል ዘመቻ ከፍተው ከንቲባው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ጎተጎቱ። ሕገወጥ የቆሻሻ ማራገፊያዎቹ ተዘጉ። ያ ሲሆን ሰው አመነ። በ1988 ደግሞ ከተማው በሰፈሩ መሐል ደድሊ ትራያንግል በሚባለው ሦስት ማዕዘን ቦታ ውስጥ ያለውን የግል ባዶ መሬት በካሣ የመውሰድ ሥልጣን ሰጣቸው። ለሰፈር ድርጅት እንዲህ ያለ ሥልጣን መስጠት በአሜሪካ ያልተለመደ ነገር ነው።

መሬቱን አልሸጡትም። በማኅበረሰብ መሬት ባለአደራ ስም ይዘው ቤቱን ብቻ ይሸጣሉ፤ መሬቱን ለ99 ዓመት በሊዝ ያከራያሉ፣ እንደኛ አገር የመኖሪያ ሊዝ። ቤቱን የገዛ ሰው መልሶ ሲሸጥ ዋጋው ገደብ አለው። ከ200 በላይ ቤት እንደዚህ ተይዟል። የቤት ኪራይ ሰማይ በነካበት ከተማ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ዛሬም እዚያ ቤት አለው። ጋራዥ የነበረበት ቦታ ላይ ግሪንሃውስ ተሠርቷል። ክረምት በረዶው ሲጥል አውቶቡሴን አቁሜ ስጠብቅ በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ ጎመን አያለሁ።

እህቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንቺንም «ባለቤት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ሲያጋጥምሽ «አንተስ እዚህ ትኖራለህ?» በይው። በትሕትና ግን።

ጡረተኛው፦

አጭር ነገር ልጨምር። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ 47 ሲወጣ ቀበሌ በወረቀት ላይ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ነበር የሚባለው። የነዋሪ ማኅበር ማለት ነው። ቃሉ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የተደረገውን ያየ ትውልድ ግን «ስብሰባ» ሲባል እስከ ዛሬ ልቡ ይደነግጣል። በእኔ ዕድሜ ያለ ጎረቤት ካልመጣልሽ አትቀየሚ። «ስብሰባ» ብለሽ አትጥሪ። ቡና አፍልተሽ ጥሪ።

ሌላው፣ ምድር ቤት አድርጉት። እኔ የምኖረው ምድር ቤት ነው፤ ሊፍት የለም፣ ጉልበቴ ታሟል። እዚያው ከሆነ ወጣ ብዬ እቀመጣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሰው ቤት ከሆነ ግን ደረጃውን መውጣት አልችልም።

ሦስተኛ ፎቅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ጡረተኛው፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር 11 ቤት አንኳኳን። ሰባቱ ከፈቱ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ «ለገንዘብ ከሆነ የለኝም» አለች ገና ሳንናገር። ለቡና ነው ስላት በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። እሑድ 10 ሰዓት፣ ምድር ቤት ደረጃው ሥር፣ ረከቦቱን እኔ አወርዳለሁ።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ላንሳ ወይስ ልተወው?

ገንዘብ ያዥዋ፦

የመጀመሪያ ቀን ብር አታንሺ። ባዶ ደብተር ይዘሽ ውረጂ። የእያንዳንዱን ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ጻፊ። ቀጥሎ «ሰው ቢሞትበት ለማን እንደውልለት?» ብለሽ ጠይቂና የዘመዱን ስልክ ጻፊ። የእኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ይኼ ነው። የዚያ ልጅ ስም ቁጥር አንድ ላይ ተጽፏል። አሁን አግብቶ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፤ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱም እሱ ነው።

ዲጂኖ ከቸገራችሁ የኛን እልክልሻለሁ። ጀሞ ከሆንሽ ሩቅ አይደለሁም።