እኛ የሆቴል ሠራተኞች በማኅበራችን በኩል ለሆቴል ባለቤቶች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የመጣውን አስተያየት ይዤ ረቂቁን ጽፌአለሁ። አንቀጽ 1 «ሆቴሎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን እንዳያስገቡ እንጠይቃለን» ይላል። የምትሉትን ጻፉ።

እንግዳ ተቀባይ፣ ደብረ ብርሃን፦
ይህ አንቀጽ እንዲለወጥ እጠይቃለሁ። እኛን የጎዳን ፕሮግራሙ ሳይሆን ዝምታው ነው። እኔ ጋ የእንግዶችን መልእክት የሚመልሰው ፕሮግራም ሲገባ የነገረን የለም፤ አንድ ጠዋት ለሥራ ስንገባ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ሆዳችን ሻከረ። አንጋፋው ባልደረባችን አዲሷን ልጅ የክፍል አያያዝ ማስተማሩን ተወ። «የማውቀውን ሁሉ ከሰጠሁ እኔን ለምን ያቆዩኛል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላዋ በእረፍት ሰዓቷ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች።

አንድ ሌሊት ከደሴ የመጡ አዛውንት «ሙቅ ውኃ 24 ሰዓት አለ ተብያለሁ» ብለው ስልካቸውን አሳዩኝ። እውነትም ተጽፎላቸዋል። ማሞቂያው ግን ከተበላሸ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ይህንን ለፕሮግራሙ እንድናስገባ መንገዱን ያሳየን አልነበረም። ቁጣውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከወጥ ቤት ውኃ አሙቀን በባልዲ ይዘንላቸው ወጣን።

ክፍል አዘጋጅ፣ ደብረ ብርሃን፦
ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የእንግዳው እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሳልጠየቅ ብርድ ልብስ እጨምራለሁ። ይህም ሥራ ተብሎ ይቆጠርልን።

አንጋፋ አባል፣ ደብረ ሲና፦
እንግዳ ተቀባይዋ እህታችን ያለችው በሌላም አገር ታይቷል። በቻይና ሆቴሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ሠራተኛው ማሽን ይተካኛል ብሎ ሲያስብ ሥራ የመልቀቅ ሐሳቡ እንደሚያይል፣ ድርጅቱ ከጎኔ ነው ብሎ ሲያምን ግን ጫናው እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በሮቦቶች ሥራ የጀመረው ሄን ና ሆቴል ከ243 ሮቦቶቹ ከግማሽ በላዩን በ2019 አስወጥቷል፤ ለሠራተኛው ተጨማሪ ሥራ ሆነውበት ነበር። ባለቤቶቹ ይህንን ቢሰሙ ለኪሳቸውም ይጠቅማል።

ሕጉንም እንጥቀስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሠራተኛ ሲቀንስ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። እኛ የምንፈልገው ግን ምክክሩ ቅነሳ እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ ከግዢው በፊት እንዲሆን ነው።

አስተናጋጅ፣ ሸዋ ሮቢት፦
እስማማለሁ። ሥልጠናው በሥራ ሰዓትና በደመወዝ ይሁን። ከሌሊት ተራ የወጣ ሰው ሳይተኛ ሠልጥን ቢባል ምን ይይዛል? በካሜራና በፕሮግራም የሚለካ የሥራ ፍጥነትም ብቻውን ለቅጣት ማስረጃ አይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አንቀጽ 1ን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ሆቴሉ ፕሮግራሙን ከመግዛቱ በፊት ለሠራተኞቹ ያሳውቃል፣ ይመካከራል፤ በሥራ ሰዓት ያሠለጥናል፤ ፕሮግራሙ ለእንግዳ የሰጠው የተሳሳተ መልስ በሠራተኛው ላይ ጥፋት ሆኖ አይመዘገብም።» የካሜራው ጉዳይ አንቀጽ 2 ይሆናል። ክፍል አዘጋጆች ስለ ብርድ ልብሱ የተባለውን በሥራ መዘርዝር ቋንቋ ጽፋችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፤ እኔ ከቢሮ ሆኜ ልጽፈው አልችልም።