የባለቤቴን የሞት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ምክራችሁን እለምናለሁ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳልርቅ የምኖር የ26 ዓመት እናት ነኝ። ከ10 ዓመት በላይ በመንግሥት መምህርነት ያገለገለው ባለቤቴ ወላጆቹን ሊጠይቅ ወደ ገጠር በሄደበት፣ ከአየር በወረደ ቦምብ ሕይወቱ አለፈ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እኔ ሳልደርስ በማግስቱ እዚያው ደብር ተቀበረ፤ ፊቱን ሳላይ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የቸገረኝ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ያለ እርሱ ለእኔ የሚገባኝ የጡረታው 50 በመቶ፣ ለሦስት ዓመቷ ልጃችንም የሚገባት 20 በመቶ ሊታሰብልን አልቻለም፤ ወራሽነቷንም በፍርድ ቤት ማረጋገጥ አልቻልሁም። የምኖርበት ቀበሌ ከሆስፒታል ወይም ከሞተበት ቀበሌ ማስረጃ አምጪ ይለኛል፤ እርሱ ግን ሆስፒታል አልደረሰም፣ የዚያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ከተዘጋ ሰንብቷል። አማቴ «አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ወረቀት ታወሪያለሽ» ብለው ይቆጡኛል፤ የወለዱት ናቸውና አልፈርድባቸውም፣ ነገር ግን የቤት ኪራዩ ሐዘኔን አይጠብቅልኝም።

እንዲህ ያለ ችግር ደርሶባችሁ የተወጣችሁት ካላችሁ፣ ሥርዓተ ቀብሩን የፈጸሙት ቄስና የዕድሩ ዳኛ በጽሑፍ የሚሰጡት ምስክርነት በቀበሌ ተቀባይነት አግኝቶላችኋልን? ወይስ አስቀድሜ ምስክሮቼን ይዤ ፍርድ ቤት ማመልከት ይኖርብኛል?