ሁለቱም ተፋላሚዎች ከተስማሙ አበረታች ቅመም መውሰድ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ታዛቢ (ጥያቄ)፦
የቦክስና የድብልቅ ማርሻል አርት ግጥሚያዎችን ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ፤ አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። ተፋላሚዎች ወደ መድረክ የሚወጡት ጉዳት ሊደርስባቸው እንደሚችል አውቀውና ተስማምተው ነው። አፍንጫ መሰበርንና ራስን ስቶ መውደቅን በፈቃዳቸው የተቀበሉ ሁለት አዋቂዎች፣ ሁለቱም በሐኪም ክትትል ሥር ሆነው በግልጽ አበረታች ቅመም ቢወስዱ ማን ተበደለ ሊባል ይችላል? የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) አንድን ንጥረ ነገር በክልከላው ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ከሦስት መመዘኛዎች ቢያንስ ሁለቱን ማሟላቱን ይመለከታል፤ እነዚህም ብቃትን ማሳደጉ፣ ለጤና ማስጋቱና ከስፖርት መንፈስ ጋር መጋጨቱ ናቸው። ይሁን እንጂ ተጋጣሚን በዝረራ መጣል ትልቁ ድል በሆነበት ስፖርት ውስጥ ስለ ጤና ማንሣት እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ይታየኛል። «ሕጉ ስለሚከለክል» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ የምፈልገው ሕጉ የቆመበትን የሞራል መሠረት ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ፈቃድ ምንጊዜም ለአንድ ለተወሰነ ነገር የሚሰጥ ነው እንጂ ለመጣው ሁሉ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1983 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተደረገው የቦክሰኞቹ የሉዊስ ሬስቶና የቢሊ ኮሊንስ ግጥሚያ ነው። ሬስቶ በዳኞች ውሳኔ አሸነፈ፤ ግጥሚያው እንዳበቃ ግን የኮሊንስ አባት የሬስቶን እጅ ሊጨብጡ ሲቀርቡ ጓንቱ ከሚገባው በላይ የሳሳ መሆኑ በእጃቸው ታወቃቸው። ሲመረመር ከጓንቱ ውስጥ መሙያው ተቀንሶ ተገኘ። ኮሊንስ የዓይኑ ብሌን ተጎድቶ እይታው ስለደበዘዘ ዳግመኛ አልተጋጠመም፤ ሬስቶና አሠልጣኙ ፓናማ ሉዊስም እ.ኤ.አ. በ1986 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ። ኮሊንስ ለመመታት ተስማምቶ ነበር፤ የተስማማው ግን ሙሉ ጓንት ባጠለቀ እጅ ለመመታት ነው። ከጓንት ላይ መሙያ መቀነስና ከጓንቱ በስተጀርባ ባለው ክንድ ላይ በሆርሞን ኃይል መጨመር ለተመቺው ሰው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሐኪሙ፦
የሕግ ተማሪው መልስ ተደብቆ ለሚወሰድ ቅመም በሚገባ ይሠራል፤ ጠያቂው ያነሡት ግን ሁለቱም በግልጽ የሚወስዱበትን ሁኔታ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ። ሁለት ሯጮች ቅመም ቢወስዱ ሁለቱም ይፈጥናሉ። ሁለት ቦክሰኞች ቢወስዱ ሁለቱም አጥብቀው ይመታሉ፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚናወጠውን አንጎል ከምት የሚጠብቅ ሆርሞን ግን የለም። አናቦሊክ ስቴሮይድ ጡንቻን ያሳድጋል፤ ኢፒኦ የተባለው ሆርሞን ደግሞ ቀይ የደም ሴሎችን በማብዛት፣ በድካም ይዝል የነበረው ሰው በመጨረሻዎቹ ዙሮችም እንደ መጀመሪያው እንዲሰነዝር ያስችለዋል። ስለዚህ የጋራ ስምምነቱ ማንንም ሳያስበልጥ የሁለቱንም ጉዳት ያከብዳል።

«በሐኪም ክትትል» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ግጥሚያዎችን የሚቆጣጠረው የስፖርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 እስኪያግድ ድረስ የቴስቶስቴሮን (የወንዴ ሆርሞን) ምትክ ሕክምና በልዩ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ይህን ሕክምና ይወስድ የነበረው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ቪቶር ቤልፎርት እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት ተጋጣሚዎቹን በተከታታይ ጭንቅላታቸው ላይ ባሳረፈው እርግጫ ለሽንፈት ዳርጓቸዋል። እንደ ሐኪም እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ የሰውነት የቴስቶስቴሮን ምርት እንዲዳከም ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ቀድሞ ስቴሮይድ መውሰድ ነው። ፈቃዱ ትናንት ያጭበረበረውን ሰው ዛሬ ታካሚ አድርጎ የሚክስበት ዕድል ሰፊ ነበር።

አሠልጣኝ፦
ሁለታችሁም ያላችሁትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ስለ ጤና የሚነገረው ከልብ ከሆነ ክብደት መቀነስም አብሮ ይነሣ። ለክብደት ምድቡ በሚመዘንበት ቀን ዋዜማ ሌሊት ወጣቱ ተፋላሚ በላስቲክ ልብስ ተጠቅልሎ በሙቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ምራቁን በጠርሙስ ይተፋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ንግግሩ ይጎተታል። ይህ ሰው ሽንት የሚያበዛ ክኒን ቢውጥ ይታገዳል፤ ያንኑ ውኃ በላብ ቢያወጣው ግን ጨዋ ባለሙያ ይባላል። ይህን ያነሣሁት ቅመሙ ይፈቀድ ለማለት ሳይሆን፣ ውኃው ከሰውነት በወጣበት መንገድ ሳይሆን በደረሰው ጉዳት እንድንፈርድ ነው።

በተጨማሪም በምርመራ የተገኘበትን ሁሉ አጭበርባሪ ማለት አይገባም። ቦክሰኛው ካኔሎ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሌንቡቴሮል የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ሲገኝበት የተበከለ ሥጋ በመብላቱ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ ያም ሆኖ ለስድስት ወራት ታግዷል። ቅጣቱን አልቃወምም፤ አትሌት ወደ ሰውነቱ ለሚገባው ሁሉ ኃላፊ ነው። ስሙን ከመበከላችን በፊት ግን መጠኑን፣ ጊዜውንና የቀደመ ታሪኩን ማየት ግዴታችን ነው።

ታዛቢ፦
ስለ አንጎሉ የተነገረው አሳምኖኛል። የጋራ ስምምነት ጉዳቱን ለሁለቱም እንደሚያከብድ ከተቀበልሁ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ተመርማሪው ቅመም መውሰዱ የሚታወቀው ከግጥሚያው በኋላ ከሆነ ክልከላው ለተመታው ሰው ምን ጠቀመው?

የሕግ ተማሪ፦
ዋናው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚው ብሮክ ሌስናር ከጡረታ ተመልሶ ከማርክ ሃንት ጋር ሲጋጠም፣ ተመላሽ ተፋላሚ ለአራት ወራት በምርመራ ሥር እንዲቆይ የሚያዝዘው ደንብ በግጥሚያው አዘጋጅ ድርጅት በዩኤፍሲ ተነሥቶለት ነበር። ከግጥሚያው በፊት የሰጠው ናሙና ክሎሚፊን የተባለ የተከለከለ መድኃኒት እንደነበረበት የታወቀው ግን ሃንት ሦስቱን ዙር ተመትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የኔቫዳ ኮሚሽን የሌስናርን ድል ሰረዘ፤ 250,000 ዶላር ቀጣው፤ ለአንድ ዓመትም አገደው። ውጤት በወረቀት ላይ ይሰረዛል፤ ሃንት ጭንቅላት ላይ ያረፈው ቡጢ ግን የሚሰረዝበት መንገድ የለም። ስለዚህ የእኔ አቋም የናሙናው ውጤት ሳይደርስ ደወሉ እንዳይደወል፣ ትኬቱ ተሽጦ ያለቀ ቢሆንም እንኳ ግጥሚያው እንዲራዘም፣ ከምርመራ ነፃ የማድረግ ሥልጣንም ከግጥሚያው ገንዘብ ከሚያገኘው አዘጋጅ እጅ ጨርሶ እንዲወጣ ነው።