ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን በአሮጌ ላፕቶፕና በሆትስፖት መጀመር (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ፦ የቦሌዋ_ቀስተኛ

ሰላም ናችሁ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ኦንላይን አብረን የምንጫወተው ጌም ስንፈልግ ቆይተን ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ላይ ተስማማን። እሱ ዲሲ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ኢንቴል ነው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኢንተርኔቱን ከስልኬ በሆትስፖት ነው የምጠቀመው፣ ወደ አውሮፓ ሰርቨር ፒንጉ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) 170 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ ማታ ደግሞ ይብሳል። ጥያቄዎቼ፦ በዚህ ኔትወርክ ይሠራል ወይ? የቱ ሰርቨር ላይ ብንገናኝ ይሻላል? አካውንቱ እንዳይሰረቅ ከመጀመሪያው ምን ላድርግ? የባንክ ካርድ ስለሌለኝ ሳልከፍል ምን ያህል መሄድ እችላለሁ? ዩቲዩብ ላይ የሚመክሩት ሁሉ ለከፋይ ተጫዋች ስለሆነ ግራ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለ_ቲክ

ፒንግሽ አያሳስብሽ። በዚህ ጌም ሰርቨሩ የሁሉንም ተጫዋች ትእዛዝ ሰብስቦ የሚፈጽመው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። ይህን ነው «ቲክ» የሚሉት። ትእዛዝሽ በ170 ሚሊሰከንድም ይድረስ በ40፣ ቀጣዩ ቲክ እስኪመጣ መጠበቁ አይቀርም። ስለዚህ በተኩስ ጌም ላይ የሚያሳብደው ፒንግ እዚህ ብዙም አይታወቅም። በ250 እንኳ ዓሣ ማጥመድ፣ እንጨት መቁረጥ፣ ኩዌስት (የጌሙን ተልእኮ) መሥራት፣ ተራ ጭራቅ መግደል ይቻላል። የሚቸገሩት በየቲኩ ዕቃና ጸሎት (በጌሙ ውስጥ የሚበራ የመከላከያ ኃይል) እየቀያየሩ ቦስ፣ ማለትም ኃያል ጭራቅ፣ የሚዋጉ ናቸው፤ አንቺ ለጊዜው እዚያ አይደለሽም።

እውነተኛው ጠላትሽ የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ካራክተርሽ ወዲያው ከዓለሙ አይወጣም፤ ውጊያ ላይ ከነበረች መመታቷ ይቀጥላል። መከላከያው ሁለት ነው፦ «ኦቶ ሪታሊየት» (ሲመቱሽ በራሱ መልሶ የሚመታ) የሚለው በውጊያ ሜኑ ውስጥ እንደበራ ይቆይ፣ ኔትወርኩ በሚደክምበት ሰዓት ደግሞ ከአቅምሽ በላይ የሚመታ ነገር አጠገብ አትሂጂ። ማታውን ለዓሣና ለማዕድን፣ ኔትወርኩ የሚሻልበትን ጠዋት ለውጊያ ብታውይው ጥሩ ነው።

ሰርቨርን በተመለከተ፦ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በባሕር ኬብል ነው የሚወጣው፤ ወደ አውሮፓ ያለው መንገድ ወደ አሜሪካ ካለው ያጥራል። የአጎትሽ ልጅ ደግሞ ከዲሲ እንግሊዝ ለመድረስ አይቸገርም። ስለዚህ የእንግሊዝ ወይም የጀርመን ወርልድ (የጌሙ ሰርቨር) ላይ ተገናኙ፤ የአሜሪካ ወርልድ ለእሱ ብቻ ነው የሚመቸው። በወርልዶቹ ዝርዝር ላይ ባንዲራው አገሩን ያሳያል፤ ብርማ ኮከብ ያለው የነጻ፣ ወርቃማው የከፋዮች ነው። ካራክተርሽ በሁሉም ወርልድ አንድ ናት፣ ዕቃሽም አብሮሽ ይሄዳል፤ ዛሬ እንግሊዝ፣ ነገ ጀርመን መግባት ትችያለሽ።

መልስ፦ ማርዳ

ላፕቶፑ ይበቃል። ጌሙ በ2013 ዳግም ሲከፈት የተነሣው ከ2007ቱ ቅጂ ስለሆነ ዛሬም ቀላል ነው። አጫጫኑ እንዲህ ነው፦ የጌሙን ባለቤት የጃጌክስን ላውንቸር (ጌሙን የሚያስጀምር ፕሮግራም) ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርጂ፣ በውስጡ ኦልድ ስኩልን ስትመርጪ ጌሙን የምትጫወችበትን ፕሮግራም ያስመርጥሻል፤ «ሩንላይት» የሚለውን ያዢ። ሩንላይት ሌሎች ሰዎች የሠሩት፣ ጃጌክስ የፈቀደው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ብዙው ተጫዋች የሚጠቀመው እሱን ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ሩንላይትን በጎግል ፈልገሽ ከፊት የሚመጣውን ማስታወቂያ እንዳትጫኚ። አስመስለው በተሠሩ ገጾች የይለፍ ቃል የሚሰርቁ አሉ። በላውንቸሩ በኩል ከገባሽ ይህ አደጋ አይነካሽም።

ከገባሽ በኋላ ሩንላይት ውስጥ የምታስተካክያቸው፦ «ጂፒዩ» የሚለውን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አጥፊው፤ አሮጌ ኢንቴል ላይ ስክሪኑን የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። «ኤፍፒኤስ ኮንትሮል» የሚለውን አብሪና በሰከንድ 30 ምስል ላይ ገድቢው፤ ሙቀቱም የባትሪ ፍጆታውም ይቀንሳል፣ ጌሙ ላይ ግን ምንም አያጎድልም። «ወርልድ ሆፐር» የየወርልዱን ፒንግ ከጎን ያሳይሻል፤ ባለ_ቲክ ያለሽን በራስሽ ዓይን ታረጋግጫለሽ። ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ላውንቸሩን ዝጊው፤ በ4 ጊጋ ራም ላይ እሱም ቀላል ሸክም አይደለም። ክሮምንም እንዲሁ።

ላፕቶፑ እምቢ ካለሽ በስልክ ግቢ። የሞባይሉ ቅጂ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ አካውንቱም ዓለሙም ያው ነው። በኮምፒውተር የጀመርሽውን በስልክ ትቀጥያለሽ።

መልስ፦ ቁልፍ_ያዥ

ስለ አካውንት ደኅንነት። ካራክተር ከመፍጠርሽ በፊት ሥሪው፣ በኋላ ያሰለቻል።

አካውንቱን የምትከፍችበት ኢሜይል ራሱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው። ኢሜይሉ ከተሰረቀ ሌላው ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የጃጌክስ አካውንት ክፈቺና በአውተንቲኬተር (የማረጋገጫ ኮድ በሚያወጣ) አፕ ማረጋገጫውን አብሪ። መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሻል፤ ስክሪንሾት አድርገሽ እዚያው ስልክ ላይ አታስቀምጪያቸው፣ በወረቀት ገልብጠሽ ቤት አኑሪ። ስልኩ ከተሰረቀ አውተንቲኬተሩም ስክሪንሾቱም አብረው ስለሚሄዱ ነው። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ባንክ ቤቱ ጋ ባለ 4 አሃዝ ፒን አስገቢ። ፒኑን የረሳ ሰው ማሰረዝ የሚችለው 3 ወይም 7 ቀን ጠብቆ ነው፤ ሌባም ቢገባ ያንኑ ያህል መጠበቅ ስላለበት አንቺ ለመንቃት ጊዜ ታገኛለሽ።

እነዚህን ደግሞ ለይተሽ እወቂ። «ገንዘብሽን እጥፍ አደርጋለሁ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው፤ ትንሹን መልሶ ትልቁን ይዞ ይሄዳል። ትሬድ (ከሌላ ተጫዋች ጋር ዕቃ መለዋወጥ) ሁለት ስክሪን አለው፤ ሁለተኛው ላይ ያለውን ሳታነቢ አትቀበይ፣ የመጀመሪያው ላይ የነበረውን ዕቃ በመጨረሻዋ ሰከንድ በሌላ የሚቀይሩ አሉ። «ተከተይኝ ጥሩ ቦታ ላሳይሽ» ብሎ ከቫሮክ ወይም ከኤጅቪል ከተማ ወደ ሰሜን የሚወስድ ሰው ወደ ዊልደርነስ ነው የሚወስድሽ። እዚያ ሌላ ተጫዋች ይገድልሻል፤ በተለመደው ሁኔታ የሚተርፉልሽ ሦስቱ ውድ ዕቃዎችሽ ብቻ ናቸው። መግቢያው ላይ ቦይ አለ፣ ለመሻገር ስትነኪው ጌሙ ያስጠነቅቅሻል፤ ማስጠንቀቂያውን እንዳይታይ አታድርጊው። ከዊልደርነስ ውጭ ብትሞቺ ግን አትደንግጪ፦ ዕቃሽ መቃብር ላይ 15 ደቂቃ ይጠብቅሻል፣ ሄደሽ ታነሺዋለሽ።

መልስ፦ እርጎ_በዳቦ

ሳይከፍሉ ስለመጫወት። አዲስ የነጻ አካውንት ላይ የንግድ ገደብ አለ፤ ግራንድ ኤክስቼንጅ (የጌሙ ገበያ) ላይ አንዳንድ ዕቃ መሸጥ አትችይም። የሚነሣው ሦስቱ ሲሟሉ ነው፦ 20 ሰዓት ጨዋታ፣ 10 የኩዌስት ነጥብ፣ የሙያዎችሽ ሁሉ ሌቭል በድምር 100። ይህን ሳያውቁ «ዕቃዬ አልሸጥ አለ» ብለው ጌሙን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓላማሽ ይህን ገደብ ማስነሣት ይሁን።

10ሩን ነጥብ ሁለት ኩዌስት ብቻ ይሞላዋል፤ ሮሚዮና ጁልየት 5፣ ጎብሊን ዲፕሎማሲ 5። ሁለቱም ውጊያ አያስፈልጋቸውም። መንገዱን እንዲህ ብታደርጊው ምልልስ አይበዛብሽም፦

ከጀማሪዎች ከተማ ከላምብሪጅ ሰሜን፣ የገበሬው ፍሬድ ቤት አጠገብ ካለው ማሳ 2 ሽንኩርት ንቀይ። ከቫሮክ ደቡብ ምሥራቅ፣ ማዕድን ማውጫው አካባቢ ሁለት ዓይነት ቁጥቋጦ አለ፤ 1 ካዳቫ ቤሪና 3 ሬድቤሪ ልቀሚ። ካዳቫው ለሮሚዮ፣ ሬድቤሪው ለጎብሊን ነው። ቫሮክ አደባባይ ላይ ከሮሚዮ ጋር ተነጋግረሽ የመጀመሪያውን ጨርሺ፤ ጁልየት፣ ቄሱና መድኃኒት ቀማሚው ሁሉም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፋላዶር። መናፈሻው ውስጥ ዋይሰን የሚባል አትክልተኛ አለ፣ 20 ሳንቲም ስትሰጪው 2 የዎድ (ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ተክል) ቅጠል ይሰጥሻል። 15 ብትዪው አንድ ብቻ ነው፣ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ሁለት ነው። ቅጠሉን ሳትይዢ ድሬይኖር ከሄድሽ መመለስሽ አይቀርም። ድሬይኖር ያለችው አጊ ቀለም ትሠራለች፣ ለእያንዳንዱ 5 ሳንቲም፦ በ3 ሬድቤሪ ቀይ፣ በ2 ሽንኩርት ቢጫ፣ በ2 ዎድ ሰማያዊ። ቀዩንና ቢጫውን ስትደባልቂ ብርቱካናማ ይሆናል። ጠቅላላ ወጪሽ 35 ሳንቲም ነው፤ ካጠረሽ ላምብሪጅ አካባቢ ያሉ ጎብሊኖች ሲሞቱ ሳንቲም ይጥላሉ።

ሦስቱ የጎብሊን ጥሩር እዚያው ጎብሊን መንደር፣ ከፋላዶር ሰሜን፣ በየሳጥኑ ውስጥ አሉ። አንዱን ብርቱካናማ፣ አንዱን ሰማያዊ ንከሪ፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተዪው። ሦስቱንም አትንከሪ! የጎብሊኖቹ ጄኔራሎች በመጨረሻ የሚፈልጉት ያልተነከረውን ነው።

100 ሌቭሉም ከሩቅ ሲታይ ነው የሚከብደው። ያልከፈትሻቸው የከፋይ ሙያዎችም እያንዳንዳቸው እንደ 1 ስለሚቆጠሩ ገና ስትጀምሪ 30 አልፈሻል። የዶሪክ ኩዌስት (6 ሸክላ፣ 4 መዳብ፣ 2 ብረት ማዕድን) 1,300 ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ስለሚሰጥ ማዕድን ማውጣትን ከ1 ወደ 10 ያደርሰዋል። ብረቱን ራስሽ ለማውጣት ግን ሌቭል 15 ያስፈልጋል፤ ከግራንድ ኤክስቼንጅ በትንሽ ሳንቲም ግዢው። ሬስትለስ ጎስት ጸሎትን ወደ 9 ያደርሳል። ቫምፓየር ስሌየር 4,825 የአታክ ኤክስፒ አለው፣ ከ1 እስከ 20 በአንዴ! እሱ ግን እውነተኛ ውጊያ አለበት፣ ትንሽ ተጠናክረሽ፣ ምግብና ነጭ ሽንኩርት ይዘሽ ግቢ። የቀረውን ዓሣ፣ እንጨትና እሳት ማንደድ ይሞሉታል።

ገንዘብ፦ ባርባሪያን ቪሌጅ ውስጥ ያለው ጉድጓድ፣ ስትሮንግሆልድ ኦፍ ሴኩሪቲ፣ በየፎቁ ሽልማት አለው፤ 2,000፣ 3,000፣ 5,000 ሳንቲም፣ የመጨረሻው ጫማ ነው። በሮቹ የአካውንት ደኅንነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ምግብ ይዘሽ፣ ሳትዋጊ እየሮጥሽ እለፊ፤ ታችኛዎቹ ፎቆች ላይ ያሉት ለጀማሪ ይከብዳሉ። ለጀማሪ 10,000 ትልቅ ገንዘብ ነው።

ጠያቂ፦ የቦሌዋ_ቀስተኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ! ሩንላይቱን ጫንኩት፣ ግን ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ፕለጊኑን ለማጥፋት እንኳ ሜኑው አይታየኝም። ሌላው፣ ቴሌግራም ላይ የጌሙን ወርቅ በብር እንሸጣለን የሚሉ አገኘሁ፤ መግዛት ችግር አለው? ከአጎቴ ልጅ ጋር በአማርኛ ቻት ማድረግስ ይቻላል?

መልስ፦ ማርዳ

ሩንላይት «ሴፍ ሞድ» አለው። ዊንዶውስ ስታርት ሜኑ ውስጥ ሩንላይት ብለሽ ስትፈልጊ ሴፍ ሞድ የሚል ሁለተኛ አማራጭ ታገኛለሽ፤ የግራፊክሱን ነገር አጥፍቶ ይከፍትልሻል። ካልሠራ የኢንቴሉን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አድሺ።

መልስ፦ ቁልፍ_ያዥ

አትግዢ፣ እህቴ። ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛትም መሸጥም በጌሙ ሕግ ክልክል ነው፤ አካውንቱ ይታገዳል። የተሰረቀ ወርቅም ሊሆን ይችላል። በራሱ የሚጫን ኦቶክሊከርም እንዲሁ ያሳግዳል።

የተፈቀደው መንገድ ቦንድ ነው። አንድ ቦንድ የ14 ቀን አባልነት ይሰጣል። የአጎትሽ ልጅ በካርዱ ገዝቶ፣ ገደብሽ ከተነሣ በኋላ በትሬድ ሊሰጥሽ ይችላል። አንቺም በጌሙ ወርቅ ከግራንድ ኤክስቼንጅ መግዛት ትችያለሽ፤ ዋጋው ግን ሚሊዮኖች ስለሆነ ለጀማሪ ሩቅ ነው። ብትቀበይም ቶሎ አትጠቀሚበት። የነጻዎቹን ኩዌስቶች ጨርሰሽ፣ 14ቱን ቀን ሙሉ የምትጫወችበት ጊዜ ሲኖርሽ አብሪው፤ ቀኑ አንዴ ከጀመረ ብትገቢም ባትገቢም ይቆጠራል።

መልስ፦ ባለ_ቲክ

በፊደል መጻፍ አይቻልም፣ የጌሙ ቻት የግዕዝ ፊደልን አይቀበልም። በላቲን ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ወይም ጎን ለጎን በቴሌግራም እየተደዋወላችሁ ተጫወቱ፣ ጌሙ የሚበላው ዳታ ትንሽ ስለሆነ ለድምፁ ይተርፋል። ስሞቻችሁን የጓደኛ ዝርዝር ላይ ካስመዘገባችሁ በየትኛው ወርልድ እንዳላችሁ ትተያያላችሁ። የካራክተር ስም ከ12 ሆሄ አይበልጥም።

ከሁለታችሁ የሚጠበቅ አንድ ጥንቃቄ፦ ቱቶሪያል አይላንድ (ጀማሪ የሚማርበት ደሴት) ላይ ልትጨርሱ ስትሉ «አይረንማን» ለመሆን የሚያስመርጥ ሰው አለ። አልፋችሁት ሂዱ። አይረንማን ከማንም ጋር ትሬድ ማድረግ አይችልም፤ አንዳችሁ ከመረጣችሁት ዕቃ መለዋወጥ አበቃ። ቀሪውን ካርታው ሥር ያለው «ዊኪ» የሚለው ቁልፍ ይመልስልሻል፤ እሱን ተጭነሽ የማታውቂውን ዕቃ ስትነኪ ገጹ በብራውዘር ይከፈታል።

ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት፣ በእኛ ሰባት ተኩል ስምንት ተኩል አካባቢ፣ ለሳምንታዊው ዝማኔ ሰርቨሮቹ ለጥቂት ጊዜ ይዘጋሉ። በዚያ ሰዓት ብትባረሪ ኔትወርክሽ አይደለም፤ ስትመለሺ አዲስ ፋይል ስለሚያወርድ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ክፈችው።