«የአሥራ ሁለት ሰዓት ሠራተኛ»

ሐረጎ ቁልቁል፦
ዛሬ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምወርድበት ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አባት ልጃቸው የመውጫ ፈተና እንደወደቀች ለጎረቤታቸው ሲያወጉ ሰማሁ። እስከዚህ ድረስ አዘንኩላቸው። ከዚያ ምን አሉ? «የዩኒቨርሲቲ መምህር ማለት እኮ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሠራተኛ ነው፤ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት አውርቶ የወር ደመወዝ ይበላል።» ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ጉልበቴ ላይ 86 ያልታረመ የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር። በርበሬ ወንዝ ስደርስ ዝም ብዬ ወረድኩ፤ ንግግራቸው ግን እስካሁን አልወረደልኝም።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
ዝም ማለትህ ደግ አደረግህ፤ ሰውየው አልዋሹማ። የሙሉ ጊዜ መምህር ሳምንታዊ ጭነት 12 ሰዓት ነው የሚለው የእናንተው ደንብ እንጂ የሚኒባስ ወሬ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ለእኔ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሐሙስ ቀን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ሐረጎ ቁልቁል፦
12 የክፍል ሰዓት ነው፣ ወንድሜ። የጁምዓ ኹጥባ ግማሽ ሰዓት ነው ብለህ ኢማሙን የግማሽ ሰዓት ሠራተኛ ትላቸዋለህ? ዝግጅቱ፣ ፈተና ማውጣቱ፣ እርማቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሩ የት ሄደ?

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
ኢማሙን ተዋቸው። እሳቸው በቀን አምስት ጊዜ ከመስጊድ አይቀሩም። የልጄ መምህር በአንድ ሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደተገኘ ልንገርህ? ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ ልጄ ሩቅ አገር ነው የተመደበው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ታየ፣ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በአራት ቀን «ኮርሱን ጨረስኩ» አለ። ያለቀው ልጁ ነው። ከ2015 ጀምሮ ተማሪው በመውጫ ፈተና 50 ካላመጣ አይመረቅም፤ መምህሩን ማን ፈተነው?

የላብራቶሪ ቁልፍ፦
ይቅርታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ስትሉ የማለዳውን ነው የማታውን? እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ የማስተምረው ኮምቦልቻ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጉም ውስጥ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ የሾፌሩ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገድ ይመራል። የማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገና ለመመለሻ ተሰልፌ ነኝ። በዚህ ትርጉም ከሆነ አዎን፣ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለቱንም አሥራ ሁለት ሰዓት።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
መንግሥት የቀጠረሽ ለመንገዱ አይደለም፣ እኅቴ። ኮምቦልቻ ቤት ተከራዪ።

የላብራቶሪ ቁልፍ፦
ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ? ደግሞ የላብራቶሪ ሰዓት በጭነት ስሌት ከክፍል ሰዓት ያነሰ እንደሚቆጠር ታውቃለህ? ሦስት ሰዓት ቆሜ አሠራለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ሦስት አይሆንም። ከሦስቱ ሰዓት በፊት ማሽን የምፈትሽበት፣ በኋላም የ27 ተማሪ ሪፖርት የማነብበት ጊዜ ጭራሽ አይቆጠርም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን አልፎ ግቢዎቹ ከተዘረፉ በኋላ ስንመለስ፣ ማሽኑ የነበረበት ቦታ አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ታትሞ ነበር። ያንን አራት ማዕዘን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ «ማሽኑ ይኼ ነው እንበል» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ይህ የስንት ሰዓት ሥራ ነው?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ የአንቺን እቀበላለሁ። የሁሉንም ግን አልቀበልም። እኔን በ1950ዎቹ መጨረሻ ያስተማሩኝ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ። መምህር እንኳ አልነበሩም፣ ተማሪ! ደብተራችንን አርመው ሲመልሱ ጠርዙ ላይ ከእኛ ጽሑፍ የእነሱ ቀይ ይበዛ ነበር። ባለፈው የልጅ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፉን አሳየኝ። 60 ገጽ ነው። የአማካሪው እጅ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ላይ፣ ፊርማ።

ተባባሪ ለመሆን የደከመ፦
ጋሼ፣ እርስዎ በነበሩበት ዘመን መምህር ያስተምራል፣ አለቀ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ግን ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይለናል። ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ የሚያሳድገኝ የታተመ ጽሑፍ ነው እንጂ የታረመ ደብተር አይደለም። በዚያ ላይ የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ያሳለፈው 3.3 በመቶውን ብቻ ሲሆን ከቀረው ከፊሉ «ማካካሻ ትምህርት ስጡት» ተብሎ ወደ እኛ ተላከ። የሁለተኛ ደረጃን ጉድለት የምንሞላው እኛ ሆነናል። ፈተናው ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲመጣም ክፍል ውስጥ ቆመን የጠበቅነው እኛው ነን።

ጡረተኛው፦
የሁለተኛ ደረጃ ጉድለት? 38 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 ያላነሱ ልጆች እያስቀመጥኩ፣ በሳምንት ከአንተ እጥፍ ክፍለ ጊዜ እየገባሁ። እናንተን ፊደል አስቆጥሮ የላከ ማን ሆነና ነው? አንተን ያስተማረህ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር?

ተባባሪ ለመሆን የደከመ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። በአጠቃላይ ነው።

ጡረተኛው፦
«በአጠቃላይ» ስትል እኔም አለሁበት።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
ከዚያ በፊት ያለውን አትለፉት! «የታረመ ደብተር አይደለም» አለ እኮ። ይኼው በራሱ እጅ ጻፈው። እንግዲህ የልጄ መምህር የት ጠፍቶ እንደከረመ ገባኝ፤ ጽሑፍ እያሳተመ ነበር።

ሐረጎ ቁልቁል፦
ሰው የተናገረውን ቆርጠህ አታውጣ። ያለው እድገቱ የሚለካበትን ነው፤ ደብተር አላርምም አላለም።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
በማይለካበት ነገር የሚደክም ሰው እስካሁን አላየሁም። ስኳር በኪሎ ከሸጥኩ ሚዛኔን እጠብቃለሁ፤ በፈገግታ ብትከፍሉኝ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል እውል ነበር።

የላብራቶሪ ቁልፍ፦
እዚህ ላይስ ነጋዴው እውነት አለው፤ ደስ ባይለኝም። ትርፍ ሰዓት ይከፈላል ይባላል፣ ጽሑፍ ይቆጠራል፤ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ አርባ ደቂቃ ያልገባውን ሲጠይቀኝ ግን የሚሞላበት ቅጽ የለም።

ተባባሪ ለመሆን የደከመ፦
ስለዚህ አሁን ሁላችሁም በእኔ ላይ ሆናችሁ። በ2015 ኅዳር በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ሲቆም ግን አንድ ነበርን።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
ያኔም የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ነው ያቆማችሁት ወይስ የአርባውን?

ሐረጎ ቁልቁል፦
ይኸው፣ ተመለሰበት።

ሁለተኛ ዓመት፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። መምህሬ አሥራ ሁለት ይሥሩ አርባ፣ እኔ አልቆጥርም። የአጋማሽ ፈተናዬን ግን እስካሁን አላየሁትም፤ የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ሦስተኛውን ጥያቄ የሳትኩት ቀመሩን ይሁን ስሌቱን አላውቅም፤ እንደገና የማጠናው የቱን እንደሆነም አላውቅም። ውጤቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው የናፈቀኝ።

ጡረተኛው፦
ተባረክ። ከጠዋት ጀምሮ ከተባለው ሁሉ ይኼ ይሻላል።

ሐረጎ ቁልቁል፦
ልክ ነህ፣ ወንድሜ። እንዲህ ያለውን መምህር እኔም አልከላከልም። ክፍላችሁ ስንት ናችሁ?

ሁለተኛ ዓመት፦
86።

የላብራቶሪ ቁልፍ፦
ወይ ጉድ።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ የያዘው ወረቀት ስንት ነበር? ወደ ላይ ወጥታችሁ አንብቡልኝ፤ እኔ መነጽሬን ሱቅ ረስቻለሁ።

ተባባሪ ለመሆን የደከመ፦
በአገሩ ያለው የ86 ተማሪ ክፍል አንድ ብቻ አይደለም። ሰውን በግምት አታሳጡ።

ሁለተኛ ዓመት፦
እኔ ማንንም አላልኩም። ስም አልጠራሁም።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
እሱስ ለምን ዝም አለ?

ሐረጎ ቁልቁል፦
ዝም አላልኩም፤ መብራት ሄዶ ነው። ሰኞ ክፍል ይዣቸው እመጣለሁ። ጠርዙም ላይ እጽፍበታለሁ።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ፦
የትኛው ሰኞ? እኔ ሰኞ ገበያ ነው የምነግደው፤ «ሰኞ እከፍላለሁ» ያለኝ ሁሉ ቢከፍል ኖሮ ዛሬ ፎቅ ነበረኝ።