ያ የተጨማደደ ሥዕል ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ለንደን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ፣ ያ የሰዎች ምስል የሚታይበት ሙዚየም ገብቼ ነበር። የገባሁት መግቢያው ነጻ ስለሆነ ነው፣ አልዋሽም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ብሮንቴ የሚባሉት ሦስት እህትማማች ደራሲዎች ያሉበት ሥዕል አለ። ሸራው እንደ ደብዳቤ ታጥፎ የኖረ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር በግልጽ ይታያል፣ ቀለሙ የተላላጠበት ቦታ አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ምሰሶ የሚመስል ብዥ ያለ ነገር ቆሟል። አሳሳሉም የጀማሪ ነው። ሰው ግን ከፊቱ አይጠፋም። ከጀርባው ያለው የታላላቅ ሠዓሊዎች ቤት ናሽናል ጋለሪ ቢሆን ይሄን ይሰቅለዋል? እነዚህ ሰዎች የሚመርጡት በምን ሂሳብ ነው?

መልስ 1፦
አይሰቅለውም፣ ልክ ነሽ። እዚህ ቤት መጀመሪያ የሚታየው የተሳለው ሰው ማንነት ነው፣ የሠዓሊው ችሎታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1856 ሲቋቋም ጀምሮ ሐሳቡ የብሪታንያን ታሪክ በሰዎቿ ፊት ማሳየት ነበር። መዝገቡ ላይ ቁጥር 1 የሆነው የሼክስፒር ሥዕል ነው፣ ያ ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ያደረገው። እሱ ራሱ በእርግጥ ሼክስፒር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ያከራክራል! ድሮ ደግሞ ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱና የትዳር አጋራቸው ካልሆኑ በቀር በሕይወት ያለ ሰው ሥዕል አይገባም ነበር። ይህ ደንብ የተነሳው በ1969 ነው። ካልሞትክ አትሰቀልም ማለት ነው እንግዲህ፣ ሃሃ።

መልስ 2፦
ያ "ምሰሶ" ያልሽው ሰው ነው። ሥዕሉን የሳለው ወንድማቸው ብራንዌል ነው፣ በ1834 አካባቢ፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ግድም እያለ። መጀመሪያ ራሱን መሃላቸው ስሎ ነበር። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ በራሱ ላይ ቀለም ደርቦ አጠፋው። ቀለም ግን ሲያረጅ ይሳሳል፣ እና ልጁ ከሥር ቀስ እያለ ብቅ አለ። ተመልሰሽ ከሄድሽ ትንሽ ራቅ ብለሽ እዪው፣ የጭንቅላቱና የትከሻው ቅርጽ ይታይሻል። እጥፋቱ ደግሞ የመጣው ከእህቶቹ አንዷ ሻርሎት ከሞተች በኋላ ባሏ አየርላንድ ወስዶት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተረስቶ ስለኖረ ነው። በ1914 ያገኘችው ሁለተኛ ሚስቱ ናት። እኔ በበኩሌ ከነሽብሽቡ ነው የምወደው፣ ተወልውሎ አዲስ ቢመስል ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

መልስ 3፦
"ማን ነው የተሳለው" የሚለው መለኪያ ጥሩ ነው ግን ታዋቂውን የሚወስነው ማን ነው? ለረጅም ጊዜ ግድግዳው በመኳንንትና በጄኔራል ወንዶች ተሞልቶ ነው የኖረው። በ2023 ከሦስት ዓመት እድሳት በኋላ ሲከፈት ይሄን ለማስተካከል ሞክረዋል። ከፓስፊክ ደሴቶች በ1774 ለንደን የመጣውን ማይ የሚባል ሰው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሬይኖልድስ የሳለበትን ሥዕል ከአሜሪካው ጌቲ ሙዚየም ጋር ተጋርተው በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተዋል፣ በየተራ ነው የሚያሳዩት። እሱ እንኳ አሳሳሉም አያሳፍርም 🙂

መልስ 4፦
የኛን ልጅ ረሳችሁት እንዴ? የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶዎች እኮ ስብስቡ ውስጥ አሉ። ከመቅደላ በኋላ ሰባት ዓመቱ ላይ ወሰዱት፣ በዚያው በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ጠያቂዋ፦
ውይ! ሁሉንም ፎቅ ዞሬ አላየሁትም እኮ።

መልስ 4፦
ግድግዳ ላይ ላይኖር ይችላል እህቴ። የድሮ ፎቶ ብርሃን ይጎዳዋል፣ ብዙውን ጊዜ መጋዘን ነው የሚቀመጠው። ስብስቡ ከ200 ሺህ በላይ ስለሆነ የሚሰቀለው ጥቂቱ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ በስም ፈልጊው፣ ግን በዛሬው አጻጻፍ ካጣሽው በድሮው ሞክሪ፣ እንግሊዞቹ "አላማዩ" (Alamayou) እያሉ ነበር የሚጽፉት።