ጥቆማ፦ ለጓሮ አትክልት መደብ የተረት እንስሳትና ጎጆ ማን ይሥራልኝ?

የሰሚቷ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ። ከቤታችን ጀርባ አራት ሜትር በሦስት የምትሆን ቦታ አለችኝ። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ስርና ትንሽ ካሮት አለባት። ጥጉ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ። ልጆቼን ጓሮ ሂዱና ውሃ አጠጡ ስላቸው የተቀጡ ይመስላቸዋል። አያታቸው ማታ «ተረት ተረት» ስትል ግን «የላም በረት» እያሉ ከያሉበት ይሰበሰባሉ። እና ሁለቱን ላገናኛቸው አሰብኩ። በመደቦቹ መሃል ትንሽ የሣር ጎጆ፣ ደጃፏ ላይ አያ ጅቦ፣ ጎመን ሥር የተደበቀች ጦጣ፣ ካሮቱ ጋ የምታዘግም ኤሊ። ተረቱ ውስጥ የገቡ እንዲመስላቸው ነው። የሆቴል ግቢ እንዲሆንብኝ አልፈልግም።

እንስሳቱን ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጋ ላሠራ? የሲሚንቶ ሐውልት የሚሠሩት ጋ? ወይስ ምናለሽ ተራ ወርጄ በቁርጥራጭ ብረት? ዝናብ የሚችለው የቱ ነው? ሚያዝያ ሊያልቅ ነው፣ ክረምት ሳይገባ ብጨርስ ደስ ይለኛል። ሠርቶላችሁ የወደዳችሁት ሰው ካለ ጠቁሙኝ።

ቀይ ስር፦
ቀጨኔ። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ። እናቴ ጀበናዋን የምትገዛው ከዛ ነው፣ እኔም ድስቴን ከዛው ነው። አንድም ቀን አሳፍረውን አያውቁም።

ባለ ዣንጥላ፦
ድስትና ጅብ አንድ ነው እንዴ? ሴትየዋ ውጭ ዝናብ ላይ ስለሚቀመጥ ነገር ነው የጠየቀችው።

ቀይ ስር፦
እጃቸውን ያላየ ሰው አይፈርድም። ቀጨኔ ብያለሁ ቀጨኔ ነው።

ጋሽ ነገሩ፦
ጎመን ራሱ ዋጋው ተረት በሆነበት ዘመን ጅብ ዘበኛ መቅጠርሽ ትክክል ነው። ለጦጣዋም የሥራ ውል ፈርሚላት፣ በኋላ እንዳትከስሽ።

የተናደደች ደንበኛ፦
የሲሚንቶ ሐውልት የሚባል ነገር በፊቴ ስሙን አትጥሩ። አምና ለልጄ ልደት አንድ ሐውልት ሠሪ ጋ የተቀመጠ አንበሳ አዘዝኩ። ግማሹን ቀብድ ተቀበለኝ። «ለሳምንት ይደርሳል» አለ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ስደውል «እየደረቀ ነው» ይለኛል። ልደቱ አልፎ አንድ ቀን ማታ በጭነት መኪና አምጥተው በር ላይ አወረዱት። ጨርቁ ሲገለጥ ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ጎፈር የለው፣ ጆሮው ተንጠልጥሏል፣ ምላሱ ወጥቷል። ልጄ ሮጣ መጥታ «እማ፣ ቡቺ!» ብላ አቀፈችው።

ይኼም ይሁን አልኩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ቢጫው ቀለም ተልጦ ቆስጣዬ ላይ ወረደ። ሙሉውን መደብ ነቅዬ ጣልኩ። ቀጥሎ አንዱ ጆሮ ረገፈ። ብናየው ውስጡ ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ገንዘቤን መልስ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንበሳ በተፈጥሮው ይለያያል።»

አሳላፊ፦
ማን ነው? ስሙን ጻፊውና ሌላው ይዳን።

የተናደደች ደንበኛ፦
ስም አልጠራም። ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ።

ባለ ብሎኬት፦
ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ባለሙያ ነው። የኔን ደጃፍ ሁለት አንበሶች የሠራው እሱ ነው። የሰው እንጀራ ባንዘጋ ጥሩ ነው።

የተናደደች ደንበኛ፦
ወንድሜ፣ ስም ሳልጠራ በምን አወቅከው?

ባለ ብሎኬት፦
ከአገላለጽሽ።

ጋሽ ነገሩ፦
ምላሱ ከወጣ እሱ ነው ማለት ነው።

አሳላፊ፦
እህቴ እባክሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ገብስማ፦
ለኔም።

አዲስ ገበሬ፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣ። የካሮት ዘር ከየት ነው የገዛሽው? የኔ ካሮት ሁሉ ሁለት እግር እያወጣ አስቸገረኝ። ሱሪ የለበሰ ይመስላል።

የለቡ አትክልተኛ፦
ዘሩ ላይሆን ይችላል። መሬቱ ጠጠር ካለው ወይም ያልበሰለ ፍግ ከገባበት ካሮት ለሁለት ይከፈላል። መደቡን ጠለቅ አድርገህ ቆፍርና ጠጠሩን ልቀም፣ ፍጉ ደግሞ የከረመ ይሁን። ባለ ሁለት እግሩን ግን አትጣለው፣ ለሴትየዋ ልጆች ስጣቸው። ከሐውልት ይሻላል።

አዲስ ገበሬ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ አስቸግሮኛል...

ባለ ዣንጥላ፦
ለሽንኩርት ሌላ ርዕስ ክፈት ወንድሜ።

ሜሪላንድ ያለሁ፦
እዚህ ዶላር ትሪ የሚባል ሱቅ የፀደይ ሰሞን ትንንሽ ቤት፣ ወንበር፣ እንጉዳይ፣ ጢማቸው የረዘመ ድንክ ሽማግሌዎች ይሸጣል። እኔ ጎመኔ መሃል ደርድሬያቸው ጎረቤቴ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ልስጥልሽ?

ገብስማ፦
መንገደኛ ስንት ኪሎ ነው የሚይዘው? የኔ እናት መድኃኒቷን እየጠበቀች አንቺ እንጉዳይ ልትልኪ?

የሰሚቷ እናት፦
እህቴ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ድንኩ ሽማግሌ እናቴ ተረት ውስጥ የለም። ልጆቹ «ይኼ ማነው» ሲሉኝ ምን ልመልስ? አያ ጅቦን ነው የሚያውቁት።

ቀይ ስር፦
አያ ጅቦ ደግሞ ቀጨኔ ነው ያለው።

ወሎዬው፦
እኛ አገር ማሽላ ሲያሽት ማሳው መሃል ማማ ይሠራል። ልጅ ሆነን እዛ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። ለሷ ጓሮ ጎጆ ብቻ ምን ያደርጋል? አራት አጣና አቁሚና ትንሽ ማማ አድርጊላቸው። ጦጣዋ ከታች ትደበቅ፣ ልጅ ከላይ ይጠብቅ። ታሪኩን ራሳቸው ይፈጥሩታል።

የተናደደች ደንበኛ፦
ልጅ ወድቆ ቢሰበርስ?

ወሎዬው፦
የኔ ማማ ከወንበር አይበልጥም። አይዞሽ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ጆሮው የሚረግፍ ይመስልሻል።

የለቡ አትክልተኛ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽን የመለሰ ሰው ስላላየሁ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። የሰው ግቢ እሠራለሁ፣ ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ።

የቀጨኔ ሸክላ ያምራል፣ የሴቶቹ እጅም አይታማም። ነገር ግን ሜዳ ላይ በእንጨትና በቅጠል ነው የሚተኮሰው። እሳቱ እንደ ፋብሪካ ምድጃ ስለማይበረታ ሸክላው ውሃ ይጠጣል። ገንቦ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ቀጥታ ካስቀመጥሽው ሐምሌና ነሐሴን ሲጠጣ ከርሞ ከሥሩ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሚው፣ ወይም የጣሪያሽ ክፈፍ ሥር። እንዲያውም መጠጣቱን ተጠቀሚበት። ሳይጠቁርና ሳይወለወል የቀረ ገንቦ ካላቸው አንድ ግዢ። ካሮቱና ቆስጣው መሃል እስከ አንገቱ ቅበሪው፣ ውሃ ሙይና ክደኝው። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ክዳኑን የኤሊ ጀርባ አድርገው ይሥሩልሽ። ልጆቹ ኤሊዋን ውሃ እናጠጣ ብለው ጓሮ ይሮጣሉ።

ሲሚንቶ ከተሠራ በኋላ ዘላቂ ነው፣ ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ጆሮና ጅራት ውስጥ ሽቦ ከሌለ ይረግፋል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። ከተሠራ በኋላ ሳምንት ያህል ውሃ መጠጣት አለበት። ከዚያ ደግሞ በደንብ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል። የእህታችን አንበሳ የገጠመውም ይኼ ይመስለኛል፣ ጎፈሩን ሳይጨምር።

ብረት ከምናለሽ ተራ ርካሽ ሊሆንልሽ ይችላል። ጠርዙን በሞረድ አስበይው፣ አንቲረስት አስቀቢው። ልጆች ይነካሉ።

አሁን ዋናው። ቀለም ስትገዢ ጣሳው ላይ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) የሌለው መሆኑን እይ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ከሚሊዮን እጅ ከ90 በላይ ሊድ ያለበትን ቀለም ይከለክላል። ዕቃ ቤት የከረመው አሮጌ ጣሳ ግን ደንቡን አላነበበም። የሚበላ ነገር አጠገብና ልጅ እጅ ላይ እሱን አትጠቀሚ። አጣናውን ምስጥ እንዳይበላው «የተቃጠለ ዘይት ቀቢው» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ለአጥር ይሁን፣ ለጎመን መደብ ግን አይሆንም። አፈሩ ውስጥ ይገባል።

ባለ ብሎኬት፦
እኔ የተቃጠለ ዘይት ስቀባ ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

የለቡ አትክልተኛ፦
ለአጥር ይሁን አልኩ እንጂ ለጎመን መደብ አይሆንም ብያለሁ እኮ።

ጓሮ ወዳድ፦
ጋሼ፣ ስለ ተክሉም ጨምርላት እንጂ። ብዙ ነገር ከመግዛት የራሷ አትክልት ተረቱን ይሥራው።

የለቡ አትክልተኛ፦
እውነትሽን ነው። ሐበሻ ጎመን አለኝ ብላለች። የታችኛውን ቅጠል እየቀጠፈች ብትበላ ግንዱ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይቀራል። ለአንድ ስንዝር ጦጣ ያ ዘንባባ ነው። ከሥሩ ቁጭ ብትል ጫካ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ግራና ቀኝ የቀርከሃ ቅስት አድርጋ ዱባ ብታወጣበት በር ይሆናል። ዱባው ገና እንቁላል ሲያህል ልጆቹ በጥፍራቸው ፊት ወይም ስማቸውን በስሱ ይጫሩበት። ዱባው ሲያድግ ጽሑፉም አብሮት ያድጋል። እሱን የሚያህል ተረት የለም። ጎጆዋን ደግሞ ሠሪ አትፈልጊላት። ቀርከሃ፣ ሲባጎ፣ ሰንበሌጥ ይበቃል። የተሰበረ ጀበና ካለሽ አንገቱን ጣሪያው ጫፍ ላይ ሰኪው፣ ጉልላት ይሆናል። ብቻ በሁለት ሳምንት አንዴ አንስተሽ ከሥሩ እይ። ቀንድ አውጣና አይጥ ካንቺ ቀድመው ይከራዩታል።

ጋሽ ነገሩ፦
ኪራይ ስንት ነው? እኔም ብሆን...

ቀይ ስር፦
ጋሼ፣ ገንቦውስ ከየት ነው የሚገዛው?

የለቡ አትክልተኛ፦
ከቀጨኔ።

ቀይ ስር፦
አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ጓሮ ወዳድ፦
አባባ ተስፋዬ በሕይወት ቢኖሩ ይኼን ጓሮ መጥተው ይመርቁት ነበር። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የኛን ትውልድ ያሳደጉ ሰው። ነፍሳቸውን ይማር።

ወሎዬው፦
አሜን። ትዝታ ቀሰቀስሽብኝ።

ፍልፈል አሳዳጅ፦
ሁላችሁም ስለ ጅብ ስታወሩ ማንም ስለ ፍልፈል አልተናገረም። ካሮት ባለበት ፍልፈል አለ። የኔን መደብ ከሥር ወደ ታች እየጎተተ ጨረሰው። ጠዋት ስነሳ የካሮት ቅጠል ወደ መሬት ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዲስ ገበሬ፦
እሱን በምን ነው የምታባርረው? ቃሪያ ጭስ ይሠራል?

ፍልፈል አሳዳጅ፦
ጭስም፣ ውሃም፣ ስድብም ሞክሬያለሁ።

የሰሚቷ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። አዲስ ችግር መጣ። «ጅብ በገዛ ግቢዬ? በጠራራ ፀሐይ? ደጃፍ ላይ?» ብላ ተቆጣች። ተረቱን የምትነግረው እሷ፣ ጅቡን የማትፈልገው እሷ። ጦጣና ኤሊ ይግቡ ብላለች፣ ስለ አንበሳ እናስብበታለን አለች። ያለ ጅብ ደግሞ ግማሹ ተረት የለም። እናንተስ ቤት እንዲህ ነው? ምን ብዬ ላግባባት?

ገብስማ፦
የኔም አያት እንደዛው ናቸው። የጅብ ስም በማታ አይጠራም ይላሉ። አትሟገቻቸው።

ጓሮ ወዳድ፦
ጅቡን ጀርባውን ብቻ አሳዪው። ጎመን ውስጥ ገብቶ ጅራቱ የቀረ አስመስለሽ። እማማ ካላዩት አይቆጡም፣ ልጆቹ ግን ማን እንደሆነ ያውቁታል።

ጋሽ ነገሩ፦
እንዲያ ከሆነ ጅራት ብቻ አሠሪ፣ ወጪም ይቀንሳል። ይኼን የምለው ከልቤ ነው። ገመድ ጫፉን ፈትተሽ ጥቁር ብታቀቢው ጅራት ነው።

ባለ ዣንጥላ፦
ጋሽ ነገሩ ዛሬ ምን ነካዎት? ደህና ነዎት?

አሳላፊ፦
የዛን ሐውልት ሠሪ ስም እስካሁን ማንም አልላከልኝም።

ባለ ብሎኬት፦
የሰው እንጀራ ነው ብያለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ አሁን ነው ያነበብኩት። አንበሳውን ውሻ አድርጎ የሠራው ሰውዬ ስልክ ያላችሁ? የኛ ቡቺ ሞቶብን ልጆቹ እያለቀሱ ነው። እኔ ውሻ ነው የምፈልገው።